“20” ተብሎ የተጻፈው ትንፋሽ

ስም አልሰጣትም፤ ሌሊቱ የእሷ ብቻ አይደለምና። ለዚህ ጽሑፍ ስል ከብዙ ሌሊቶች ቆራርጬ የሰፋኋት ልጅ ናት። ዕድሜዋ 23። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራ ከጀመረች ግን ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ቦታው በአንድ የወረዳ ከተማ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከቀን ተረኛዋ ጋር አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ተረካከቡ። ታካሚዎቹ 22 ናቸው። አልጋ 1 የስኳር ታማሚ፣ ኢንሱሊኗን ወስዳለች። አልጋ 4 ሌሊት ደም ይሰጠዋል፣ ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳታነሺ። አልጋ 9 የሳንባ ምች፣ ሴፍትሪያክሶን ላይ ነው፣ ደህና ነው።

“ደህና ነው” በርክክብ ላይ ብዙ ነገር የሚሸፍን ቃል ነው።

አብራት የምታድረው ነርስ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ናት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ በሞተር ብስክሌት አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ወጣት ድንገተኛ ክፍል ደረሰና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተባለ። በአምቡላንሱ አብሮት የሚሄድ ነርስ ያስፈልጋል። ድንገተኛ ክፍል ካሉት ሁለቱ አንዱም መንቀሳቀስ አልቻለም። “አይዞሽ፣ ጎህ ሳይቀድ እመለሳለሁ። የከበደሽ ነገር ካለ ለዶክተሩ ደውዪለት” አለቻትና ጋቢዋን ደርባ ወጣች። የአምቡላንሱ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ሲጠፋ ልጅቱ አንድ ነገር ገባት። በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታዋ አንዲት ሌሊት እንኳ በሽተኛ ፊት ብቻዋን ቆማ አታውቅም።

ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። ትምህርቱ የተሠራው እንዲያ ነው። ተማሪ ነርስ ዋርድ ስትወጣ ጀርባዋ ላይ ሰው አለ፤ አስተማሪዋ፣ የዋርዱ ነርስ፣ ሄድ ነርሷ፣ ያም ካልሆነ ነጭ ጋዋን የለበሱ አሥር ጓደኞቿ። አንድ ሆስፒታል ለብዙ ኮሌጅ በሚዳረስበት ከተማ አንዱን አልጋ ከብቦ የሚቆመው ተማሪ ቁጥር ከታካሚው ዘመድ ይበልጣል። ከኋላ የቆመችው የምታየው የፊተኛዋን ትከሻ ነው። ካቴተር ሲገባ “አይቻለሁ” ትላለች፤ አልዋሸችም፣ በጓደኛዋ ብብት ሥር አይታለች።

ተማሪዎቹ የሚይዙት ሎግ ቡክ ይህን በደንብ ይናገራል። ሠንጠረዡ የታየ፣ በእገዛ የተሠራ፣ በራስ የተሠራ እያለ በዓምድ ተከፍሏል። የመመረቂያው ወር ሲቃረብ ሦስተኛው ዓምድ በጥድፊያ ይሞላል። ፈራሚውም ፊርማውን አይሰስትም፤ ልጅቱ በአንድ ዓምድ ምክንያት ዓመት እንድትደግም ማን ይፈልጋል? ቁጥሩ ይሞላና ፋይል ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ የማይነግረን ግን የታካሚው ደም ሥር በመጀመሪያው ሙከራ ተገኝቶ እንደሆነ፣ ወይስ መርፌውን መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ተቀብሎ እንደጨረሰው ነው።

ስኪል ላብ የሚሉት የልምምድ ክፍልም የራሱ ጣጣ አለው። የፕላስቲኩ ክንድ ደም ሥር ሁሌም አንድ ቦታ ነው። አይሸሽም፣ በፍርሃት አይኮማተርም፣ በድርቀት አይጠፋም፣ “ወይኔ እጄን!” ብሎ አይጮህም። እንዲህ ስል ግን የልምምድ ክፍልን እያጣጣልኩ አይደለም። በአሜሪካ የክፍላተ ግዛት ነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ትልቅ ጥናት በአሥር ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። ከሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሽ የሚደርሰው በጥሩ ልምምድ ክፍል ቢተካ በተመራቂዎቹ ብቃት ላይ ልዩነት አላገኘም። ቁልፉ ያለው “ጥሩ” የሚለው ቃል ላይ ነው። እዚያ ጥሩ ማለት የሠለጠነ አስተማሪ፣ የተጻፈ የታካሚ ታሪክ፣ ከልምምዱ በኋላም ቁጭ ብሎ “ምን አሰብሽ? ለምን?” መባባል ነው። ለስድሳ ተማሪ አንድ ማኔኪን አቁሞ በየተራ መንካት ሌላ ነገር ነው።

በሩቁ ዘመን ነገሩ በተገላቢጦሽ ነበር። ነርስ የምትሠለጥነው ሆስፒታል ውስጥ እየኖረች ነው፤ ተማሪም ሠራተኛም ናት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመኗ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የገባችው በዚህ ወግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃ ወጣች። ልዕልት ብትሆንም የተማረችው በዋርዱ ወለል ላይ፣ በሽተኛ ሕፃን አልጋ አጠገብ ነው። ወደ አገሯ ተመልሳ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላት እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምቴ ላይ አረፈች፤ አዲስ አበባ ውስጥም በስሟ ሆስፒታል ተሠራ። ያ አሠራር ጉድ ነበረበት። ሆስፒታሎች ተማሪን እንደ ርካሽ ጉልበት በዘበዙ፣ ሳይንሱ ሳሳ፣ ነርስ ለምን እንደምታደርግ ሳይሆን እንዴት እንደምታደርግ ብቻ አውቃ ወጣች። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ እኛም በራሳችን መንገድ። በልውውጡ ያገኘነው ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና የምርምር ዘዴ ነው። የከፈልነው በዋርድ ያለፈውን ሰዓት ነው። በብሪታንያ ግን ሕጉ ዛሬም አንዲት ነርስ የሙያ ፈቃድ ከማግኘቷ በፊት 2,300 ሰዓት ልምምድ ላይ እንድታሳልፍ ያስገድዳል።

እኛ ዘንድ በዚህ ላይ ሌላ መዘዝ አለ፤ ሥራ መጠበቁ። ነርስ የጎደለው ሆስፒታልና ሥራ የጠፋት ነርስ በአንድ ከተማ ይኖራሉ። መሐላቸው የቆመው “በጀት የለም” የሚል ደብዳቤ ነው። በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ከአርባ በላይ ደረስን፤ የግል የጤና ኮሌጆቹም ብዙ ናቸው፤ የመቀጠሪያ መደቡ ግን እንደ ተመራቂው አልፈላም። ልጅቱ እነዚያን ሁለት ዓመታት አጎቷ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች አሳለፈች። አእምሮ የተማረውን ይይዛል፤ እጅ ግን ይረሳል። የቆመ ልብን በእጅ ማስቀጠልን፣ ሲፒአር የሚሉትን፣ ውሰዱ። ደረትን ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። ይህን ያልሸመደደ ተመራቂ የለም። ነገር ግን ሥልጠናው ካልታደሰ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እጅ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን መሳት እንደሚጀምር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሁለት ዓመት ሲሆን አስቡት።

ወደ ዋርዱ እንመለስ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አልጋ 12 ላይ ያለችው እናት አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን በስምንት ሰዓት ውስጥ እንዲሰጣት ታዟል። ሒሳቡን ልጅቱ በእንቅልፍ ልቧም ትሠራዋለች። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ 1,000 ሲባዛ በ20፣ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል፣ 42 ጠብታ በደቂቃ። ፈተና ላይ ይህን ጥያቄ ሳታገኘው ቀርታ አታውቅም። አሁን ግን አምፖሉ ደብዛዛ ነው፣ የእጅ ሰዓቷ ሰከንድ ቆጣሪ የለውም፣ ስልኳን አውጥታ ጠብታ መቁጠር ስትጀምር አልጋ 4 ላይ ያለው ሰው አስታማሚ ይጠራታል፤ ደሙ ቆመ ወይስ አለቀ? ደም አንዴ ከተከፈተ በአራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ ስንት እንደቆጠረች ጠፍቶባታል። የቆየች ነርስ በ20 ሰከንድ 14 ጠብታ ብላ ይዛው ትሄድ ነበር፤ ያቺኛዋ ግን አሁን አምቡላንስ ውስጥ ናት።

መጻሕፍቱ አንድን በሽተኛ አንስተው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያስተምራሉ። ዋርዱ 22ቱን በአንድ ጊዜ ያቀርባል። ከፈተናው የጎደለውም ይኸው ይመስለኛል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ በላዩ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለበት። ወንፊት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ ኮሌጅ እንደ እንጉዳይ በፈላበት አገር ወንፊት ግድ ነው። ነገር ግን የምርጫ ጥያቄ ላይ “የ60 ዓመት ሰው፣ ትንፋሹ በደቂቃ 34፣ ሙቀቱ 39” ተብሎ ሲጻፍ ትልቁን ሥራ ጠያቂው ሠርቶልሻል። ከ22 ሰው መሐል ያንን ሰው ለይቶ፣ ትንፋሹን ቆጥሮ፣ ፊትሽ አስቀምጦልሻል። የቀረሽ ማክበብ ነው። አሜሪካኖቹ ይህ ጉድለት ስላሳሰባቸው ኤንክሌክስ የሚሉትን የነርስ ፈቃድ ፈተናቸውን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ቀይረው እየተለዋወጠ የሚሄድ የታካሚ ታሪክ እየሰጡ ማመዛዘንን የሚለኩ ጥያቄዎች አስገብተዋል። ዲሲና ሚኒሶታ ያሉ፣ በነርስ ረዳትነት ጀምረው ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆቻችን በደንብ ያውቁታል።

8 ሰዓት ሊሆን ሲል የአልጋ 9 አስታማሚ መጣች። ሚስቱ ናት፤ ነጠላዋን አደግድጋለች። “ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ሰውዬው አላማረኝም።”

“ምን ሆኑ፣ እናቴ?”

“ወሬው አጠረብኝ። ማታ ስለ በሬው ሲያወራኝ ነበር። አሁን አንድ ቃል ይልና ያርፋል።”

ልጅቱ ቻርቱን አየች። ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ትንፋሽ 20። ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ትንፋሽ 20። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ 20። ከአልጋ 1 እስከ አልጋ 22 የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው፤ ማዶ ያለው የ17 ዓመት ልጅም፣ ጥግ ላይ የተኙት ሽማግሌም። ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። የደም ግፊት መሣሪያ ይፈልጋል፣ ሙቀት ቴርሞሜትር ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ግን ሙሉ ደቂቃ ቆሞ የሰው ደረት ከማየት በቀር ምንም አይፈልግም። ምንም ስለማይፈልግም አይቆጠርም። በዓለም ዙሪያ በየዋርዱ ይኸው ነው፤ የጤነኛ አዋቂ ልክ ከ12 እስከ 20 ስለሆነ እጅ 18 ወይም 20 መጻፍ ይለምዳል። የሰው ሁኔታ መበላሸት ሲጀምር ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ይህ ያልተቆጠረ ቁጥር ነው። ሚስቱ በደቂቃ ስንት እንደሆነ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብራው የኖረችው ሰው ዓረፍተ ነገር መጨረስ እንዳቃተው ግን አውቃለች።

ልጅቱ ስልኳን ከፍታ ቆጠረች። 34። አላመነችም፤ ደገመች። 33። በፕላስተር የታሰረችውን የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክስሜትሯን፣ ጣቱ ላይ ስታደርግ 84 አለች።

እዚህ ላይ ዕውቀት አልጎደላትም። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ሐኪም መጥራት። ሦስቱንም በቅደም ተከተል ታውቃለች። ቀና አደረገችው፤ ሚስቱ ከኋላ ደገፈችው። ኦክስጅን ሲሊንደሩን ከጥግ ጎትታ አመጣች። ከዚያ ቆመች። የሲሊንደሩ መፍቻ የለም። የት እንደሚቀመጥ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ማንም አላሳያትም፣ እሷም መጠየቅ እንዳለባት አላወቀችም። መሳቢያ ከፈተች፣ መስኮት ላይ አየች፣ ላብ አጠመቃት። በመጨረሻ የአልጋ 15 አስታማሚ፣ ሦስት ሳምንት ዋርዱ ውስጥ የከረመ ወጣት፣ “ሲስተር፣ ዘበኛው ጋ ነው፤ ማታ ማታ እሱ ነው የሚይዘው” አላት፤ ሮጦም አመጣላት።

ስለ ዝግጁነት ሲወራ ሰዎች ቶሎ ብለው ካሪኩለም ያነሣሉ። መፍቻው ካሪኩለም ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ማታ የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ ማን ይይዛል? የላብራቶሪ ተረኛው ስልኩን ካላነሣ የትኛው በር ይንኳኳል? የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሲያልቅ ከየትኛው ክፍል ይበደራል? ይህ የአንድ ቤት ዕውቀት ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ካልሆነ በሌላ አይተላለፍም። አዲስ ተቀጣሪን በመጀመሪያው ቀን ከአስተዳደር ወደ ሰው ሀብት፣ ከሰው ሀብት ወደ ፋይናንስ እያመላለሰ ያስፈረመ ሆስፒታል መፍቻውን የሚያሳያት ሰው አለመመደቡ ይገርመኛል።

አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ማርሊን ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ስሜት “የእውነታ ድንጋጤ” ብለውታል። ጀማሪዋ መጀመሪያ ጫጉላ ላይ ናት። ሁሉም ያምራል፤ ጋዋኑ፣ ደመወዙ፣ “ሲስተር” መባሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት ያወረሳት ወግና የዋርዱ ልማድ ይጋጫሉ። እዚያ ጓንት በየታካሚው ይቀየራል፤ እዚህ ጓንቱን የሚገዛው አስታማሚው ነው። ክሬመር መጽሐፉን የጻፉት ነርሶች ሙያውን ለምን ጥለው እንደሚሄዱ ለመረዳት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላዋ የነርሲንግ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ቤነር ሌላ ወለል ጨመሩበት። ድሬይፈስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ተመራማሪዎች የቼዝ ተጫዋቾችንና አብራሪዎችን አይተው የደረሱበትን የክህሎት ደረጃ ወደ ነርስነት አምጥተው፣ ከጀማሪ እስከ ሊቅ አምስት እርከን አስቀመጡ። ከአምስቱ እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ነው። አንዲት ነርስ ሥራዋን በራሷ አቅዳ የምትመራበት ያ ደረጃ የሚመጣው በአንድ ዓይነት ቦታ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራች በኋላ ነው ይላሉ ቤነር። በዘጠነኛ ቀኗ 22 ሰው ያስረከብናት ልጅ ላይ ይህን ስናስበው፣ “አልተዘጋጀሁም” ማለቷ ድክመት ሳይሆን ትክክለኛ ምርመራ ነው።

አሁን ስልኩ ቀርቷል። መድወል ቀላል ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን ከካቴተር ይከብዳል። ሐኪሙ ቀን ውሎ ሌሊት ሊደግም ነው፣ በስንት መከራ ጎኑን አሳርፏል። በተማሪነቷ ሐኪም ፊት የተናገረችው ስሟንና የትምህርት ዓመቷን ብቻ ነው። ደወለች።

“ዶክተር፣ ይቅርታ… አልጋ 9… ደህና አይደሉም።”

“ምንድን ነው ደህና አይደሉም ማለት? ግፊታቸው ስንት ነው?”

አልለካችውም። ደቂቃ ጠይቃ፣ ለክታ፣ መልሳ ደወለች። በዚህ ጊዜ የሆነ ቦታ የተማረችው መጣላት። የሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች ከባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች የተዋሱት የአነጋገር ሥርዓት ነው፤ የሆነው፣ ከበፊት የነበረው፣ የኔ ግምት፣ የምፈልገው። “ዶክተር፣ አልጋ 9 ያሉት የሳንባ ምች ታካሚ ትንፋሻቸው 34፣ ኦክስጅናቸው 84 ነው። ሴፍትሪያክሶን ከጀመሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ግፊታቸው ወደ 90 በ50 ወርዷል። እየባሰባቸው ይመስለኛል። ኦክስጅን አድርጌያለሁ። መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።” ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። “መጣሁ።”

በሁለቱ ጥሪዎች መካከል የጨመረችው ዕውቀት የለም። የጨመረችው ንግግሩን ነው፤ ንግግሩ ደግሞ ጮክ ብሎ ካልተለማመዱት አይወጣም። አንዲት ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ ስልክ ደውላ ሐኪም የማስነሣት ልምምድ ብታደርግ የሚጠይቀው ወጪ ሁለት ወንበር ነው። ከአዲስ ማኔኪን ይረክሳል።

ሌላው ዓለም የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደሚያሻግር አዲስ ምሥጢር የለውም። ብሪታንያ ውስጥ ጀማሪዋ ነርስ የምትመራት አንድ የቆየች ነርስ ትመደብላታለች። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ተቋም ይባል የነበረው የአገሪቱ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ ነርሶችም እንደ ሐኪሞች የሬዚደንሲ ዓመት እንዲኖራቸው መከረ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ዓመት የሚዘልቅ ፕሮግራም አላቸው። የሁሉም ፍሬ ነገር አንድ ነው። ለተወሰኑ ሳምንታት አዲሷ ከተረኞች ቁጥር ውስጥ አትቆጠርም። ትሠራለች፣ ግን እንደ ሁለተኛ ሰው አትታሰብም፤ ጓደኛዋ አምቡላንስ ላይ ብትወጣ የሚተካ ሦስተኛ ሰው አለ።

እኛስ? “ሰው የለም” የሚለው መልስ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ዓለም 5.9 ሚሊዮን ነርስ እንደሚጎድላት ገምቶ ነበር፤ ጉድለቱም የበዛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። የቆዩት ነርሶቻችን ወይ ወደ ድርጅት ገብተዋል፣ ወይ ባሕር ተሻግረዋል። የቀረችው አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ነርስ ማስተማርም፣ ሪፈር መሸኘትም፣ ዋርድ መጠበቅም የእሷ ነው፤ ለማስተማሯ ደግሞ አንድም ሳንቲም አይጨመርላትም። ግን ሥራ አጥተው የተቀመጡትም ነርሶች ናቸው። አገሪቱ በአንድ እጇ ነርስ የላትም፣ በሌላ እጇ ነርስ ቤት ውስጥ አስቀምጣለች። በዚህ መሐል ለስድስት ሳምንት የሚቆይ፣ ትራንስፖርትና ምሳ የሚችል፣ ከአንዲት የቆየች ነርስ ጎን የሚያቆም ሥርዓት ለመፍጠር በጀት የለም ሲባል፣ የጠፋው በጀት ሳይሆን ወረቀቱን የሚጽፍ ሰው ይመስለኛል።

ሐኪሙ መጣ። ፈሳሽ ተጨመረ፣ መድኃኒት ተቀየረ። ሊነጋጋ ሲል የአልጋ 9 ትንፋሽ 26 ደረሰ፤ ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ራሷን አስደግፋ አሸለበች።

አምቡላንሱ የተመለሰው 11 ሰዓት ላይ ነው። የቆየችው ነርስ ጋቢዋ ላይ አቧራ ይዛ ገባች፤ ፊቷን ታጥባ ቻርቱን አነሣች። ከ20ዎቹ ቀጥሎ 34 የሚል ቁጥር አየች። “ማን ቆጠረ?”

“እኔ። ሁለቴ።”

“እንዴት ቆጠርሽ?”

“ደረታቸውን እያየሁ።”

“አዩሽ?”

ልጅቱ አሰበች። አዎ፣ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ነበር። ሲኒየሯ ምንም ሳትል ወደ አልጋ 10 ወሰደቻት፤ ሰውዬው ነቅቶ ኮርኒሱን ያያል። “አባቴ፣ የልብ ምትዎን ልየው” አለችና የእጁን አንጓ ያዘች። ልጅቱንም በሌላ በኩል አቆመቻት። ከዚያ በሹክሹክታ፣ “ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ ትንፋሹን ያሳምራል። አንቺ እጁን እንደያዝሽ ሁኚ። ምቱን ጨርሰሽም አትልቀቂው። አሁን በዓይንሽ ጫፍ ሆዱን እይ።”

ሁለቱም ዝም ብለው ቆሙ፤ አንዷ እጁን ይዛ፣ ሌላዋ ስልኳ ላይ ሰከንዱን እያየች።